ዘግይቶ የመጣው ወርዋሪ፦ ሆይት ዊልሄልም ከ1952 እስከ 1972

በአሜሪካ ቤዝቦል መዛግብት ውስጥ የሆይት ዊልሄልም የትውልድ ዘመን ለብዙ አሥርት ዓመታት 1923 ተብሎ ሲገለበጥ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትክክለኛው የልደት ቀኑ ጁላይ 26 ቀን 1922 ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት በብዙ ሰው ሕይወት ውስጥ ቁም ነገር ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ሰው ግን ነው። ወደ ዋናው ሊግ ሲገባ 29 ዓመቱ ነበር ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የብዙ ወርዋሪዎች ክንድ መዛል የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት 50 ዓመት ሊሞላው የቀሩት 16 ቀናት ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በ1,070 ጨዋታዎች ወርውሯል። ከእሱ በፊት ይህን ያህል የወረወረ ሰው አልነበረም።

ቤዝቦልን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ የሥራውን ጠባይ ማስረዳት ይገባል። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ቆሞ ኳሷን ይወረውራል። መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ደግሞ ያልተመታችውን በጓንት ይቀልባል። ጨዋታው 9 ኢኒንግ ሲሆን፣ የሚወረውረው ቡድን በእያንዳንዱ ኢኒንግ 3 መቺዎችን ማስወጣት አለበት። በጥንቱ ልማድ ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ ራሱ ይጨርሰው ነበር። ተተኪ ወርዋሪ የሚገባው ከፋቹ ሲደክም ወይም ኳሱ መመታት ሲጀምር ነው፤ እንደ እግር ኳስ ሁሉ አንዴ የወጣ አይመለስም።

ይህ ቦታ ለረጅም ዘመን የተፈለገ ቦታ አልነበረም። ያረጁ፣ የተጎዱ፣ ለከፋችነት ገና ያልበሰሉ ይቀመጡበት ነበር። ለየት ያሉ ሰዎች አልጠፉም፤ በ1920ዎቹ ፈርፖ ማርቤሪ ለዋሽንግተን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጆ ፔጅ ለኒው ዮርክ ያንኪስ በተተኪነት ስም አትርፈዋል። በ1950 ጂም ኮንስታንቲ ለፊላደልፊያ በ74 ጨዋታዎች ገብቶ የናሽናል ሊግ (ከአሜሪካን ሊግ ጋር ዋናውን ሊግ ከሚመሠርቱት ሁለት ሊጎች አንዱ) ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ከዚህ ወንበር እየተነሳ ሠርቶ ከታላላቆቹ ከፋቾች እኩል የተቆጠረ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

የዊልሄልም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዕድሜ ተአምር ነው። አርባን ካለፈ በኋላ ጎረምሶችን ባዶ እጃቸውን የሚመልስ ሽማግሌ ተደርጎ ይሣላል፤ ይህም እውነት ነው። መዝገቡ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። ዊልሄልም አሠሪዎቹ የሚፈልጉትንና የሚፈሩትን ነገር በአንድ እጁ የያዘ ባለሙያ ነበር። ከክለብ ወደ ክለብ ያንከራተተውም፣ በመጨረሻ ታላቅ ያደረገውም ያው አንድ ኳስ ነው። የሥራውን ዋጋ መለኪያ ደግሞ ሙያው ካለቀ በኋላ ነው በወጉ የተሰፈረለት።

የተወለደው በሰሜን ካሮላይና ሀንተርስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በአቅራቢያው ባለችው ኮርኔሊየስ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ ኳስ በፍጥነት መወርወር ግን እንደማይሆንለት በጊዜ ገብቶታል። የዚያን ጊዜ ዳች ሌናርድ የተባለ የዋሽንግተን ክለብ ወርዋሪ ነክልቦል በሚባል አወራወር የታወቀ ነበር። ወጣቱ ስለ ሌናርድ አነበበ፤ አወራወሩንም በቴኒስ ኳስ ይለማመድ ጀመር።

የነክልቦል ምሥጢር ኳሷ እንዳትሽከረከር ማድረግ ነው። ሌላው ወርዋሪ ሁሉ ኳሷን በኃይል እያሽከረከረ ይለቃታል፤ መንገዷንም የሚወስነው ሽክርክሪቱ ነው። ነክልቦል ወርዋሪ ግን ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ፣ ጥፍሩ ሥር ይዞ፣ እጁን ሳይጠመዝዝ ገፋ አድርጎ ይለቃታል። የቤዝቦል ኳስ ቆዳው በቀይ ክር የተሰፋ ስለሆነ ስፌቱ ከላይዋ ጎልቶ ይታያል። ኳሷ በዝግታ ስትጓዝ አየሩ ስፌቱ ባለበትና በሌለበት በኩል እኩል አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ ዞር ባለች ቁጥር የሚገፋት አየር አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ኳሷም ወደ ግራ ስትል ወደ ቀኝ፣ ወይም መቺው ፊት ስትደርስ ድንገት ወደ ታች ትላለች። የት እንደምታርፍ መቺው አያውቅም። ቀላቢውም አያውቅም። ወርዋሪው ራሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። ፍጥነቷ ትንሽ በመሆኑ ክንድና ትከሻ አይጎዳም፤ ሌላው ወርዋሪ ዛሬ ሠርቶ ቀናት ሲያርፍ ነክልቦል ወርዋሪ ግን ነገም ሊመለስ ይችላል።

በ1942 ሙርስቪል ውስጥ በዝቅተኛው እርከን ሊግ መጫወት እንደጀመረ ጦርነቱ ወሰደው። ከዘጠና ዘጠነኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር አውሮፓ ዘምቶ በ1944 መጨረሻ በአርደን ጫካ በተከፈተው ታላቅ ውጊያ ቆሰለ። የቁስለኛ ወታደሮች ሜዳይ ተሰጥቶት፣ የስታፍ ሳጅንነት ማዕረግ አግኝቶ ተመለሰ። የመድፍ ፍንጣሪ ጀርባው ውስጥ ቀርቷል፤ በዋናው ሊግ የወረወራቸውን ኳሶች ሁሉ የወረወረው ያንን ብረት ተሸክሞ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት ለታሪክ ጸሐፊ ጥያቄ የሚያስነሱ ናቸው። በ1946 ሙርስቪል ተመልሶ 21 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1947 ደግሞ 20። እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ወርዋሪ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል። እሱን ግን ኒው ዮርክ ጃይንትስ ወስዶት ጃክሰንቪል፣ ከዚያም ሚኒያፖሊስ ላይ ዓመታት አሳለፈ። በ1951 ሚኒያፖሊስ ሳለ ዊሊ ሜይስ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ከእሱ ጋር በአንድ ክለብ ነበር። ሜይስ 35 ጨዋታ ተጫውቶ በሜይ ወር ወደ ኒው ዮርክ ሲጠራ ዊልሄልም እዚያው ቀረ። ጥፋቱ ውጤቱ አልነበረም፤ የሚወረውረው ኳስ ነበር። ጥሩ ቀጥተኛ ፍጥነት የሌለውን፣ ኳሱ የት እንደሚወድቅ የማይታወቀውን፣ ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበውን ሰው ለዋናው ሊግ የሚያጨው አሠልጣኝ አልተገኘም ነበር።

በ1952 የጃይንትስ አሠልጣኝ ሊዮ ዱሮቸር ዕድሉን ሰጠው፤ በተተኪነት ብቻ። ኤፕሪል 23 ቀን ከቦስተን ብሬቭስ ጋር በተደረገ ጨዋታ ዊልሄልም ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ሊግ ዱላ ይዞ ቆመና ሆም ረን መታ፤ ማለትም ኳሷን ከአጥር አሳልፎ በአንድ ምት ነጥብ አስቆጠረ። በ21 የውድድር ዓመታት ከ400 ጊዜ በላይ ለመምታት ቆሟል፤ ሁለተኛ ሆም ረን ግን አልመታም። ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ ስለሚደጋገም የዚያን ዓመት ዋና ነገር ይጋርዳል። ዋናው ነገር ይኸውና፦ በዚያ ዓመት 71 ጨዋታ ገባ፤ አንዱንም አልከፈተም። 15 ድልና 3 ሽንፈት ተመዘገበለት፤ የነጥብ አማካዩ ደግሞ 2.43 ሆኖ ከናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። የነጥብ አማካይ ማለት አንድ ወርዋሪ በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የጓደኞቹ ስህተት ያመጣው ነጥብ አይታሰብበትም። ሲያንስ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ደንቡን መመርመር ተገቢ ነው። እስከ 1950 ድረስ በዚህ አማካይ ለአንደኝነት የሚወዳደር ወርዋሪ 10 ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን መወርወር ነበረበት። በዚያ ደንብ ዊልሄልም ከነጭራሹ አይቆጠርም፤ አንድም ጨዋታ ከፍቶ አልጨረሰምና። ከ1951 ጀምሮ ግን መስፈርቱ ተለውጦ ክለቡ በዓመቱ የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ቁጥር ያህል ኢኒንግ መወርወር በቂ ሆነ። የዚያን ጊዜ የውድድር ዓመት 154 ጨዋታ ነበረው፤ ዊልሄልም የወረወረው 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ነው። ደንቡ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ እሱም ያለፈው ከ5 ኢኒንግ በጥቂት በሚበልጥ ልዩነት ነው። ተተኪ ወርዋሪ ከከፋቾች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሰፍሮ በላያቸው መውጣት የቻለው እንዲህ ባለ ጠባብ በር ነው። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ ላይ ሁለተኛ ሆነ፤ የቀደመው የብሩክሊኑ ጆ ብላክ ነው። ብላክም በዋናነት ተተኪ ወርዋሪ እንደነበር ልብ ይሏል።

በ1954 ጃይንትስ ክሊቭላንድን አራት ጨዋታ ለባዶ አሸንፎ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበትን የዓለም ሲሪየስ ዋንጫ ሲወስድ ዊልሄልም በዓመቱ 12 ድል፣ 4 ሽንፈትና 2.10 አማካይ ነበረው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 10 ቀን ግን ሬይ ካት የተባለው ቀላቢ በአንድ ኢኒንግ ውስጥ 4 ኳስ አምልጦታል። የሚወረውረው ዊልሄልም ነበር። ኳስ ባመለጠ ቁጥር በሜዳው ያሉ የተቃራኒ ቡድን ሯጮች አንድ እርምጃ ወደ ነጥብ ይቀርባሉ። አሠልጣኞች ዊልሄልምን ሲያስቡ በዓይናቸው ላይ የሚመጣው ይህ ነው፤ መቺውን ካሸነፈ በኋላ የገዛ ቀላቢውን የሚያሸንፍ ኳስ።

1956 ደካማ ዓመት ሆነበት። በ1957 መጀመሪያ ወደ ሴንት ሉዊስ ተላከ፤ ሴንት ሉዊስ ዓመቱ ሳያልቅ ለቀቀው፤ ክሊቭላንድ ወሰደው። እስከዚያ ድረስ ከ360 በላይ ጨዋታ ወርውሮ አንዱንም አልከፈተም ነበር። በ1958 ክሊቭላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋች አደረገው። እዚያ 2 ድልና 7 ሽንፈት ተመዘገበለት። አማካዩ ግን 2.49 ነበር፤ ይህን ያህል ጥቂት ነጥብ የሚቆጠርበት ሰው የተሸነፈው ቡድኑ ስላልመታለት ነው። ኦገስት 23 ቀን ክለቡ ያለ ምንም ልውውጥ ለቀቀው፤ ባልቲሞር ኦርዮልስ አነሳው። ዕድሜው 36 ነበር። የዚያ ዘመን ሰው የድልና የሽንፈትን ቁጥር ብቻ አይቶ ያለቀለት ወርዋሪ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1958፣ ቅዳሜ፣ ባልቲሞር ላይ ካፊያ እየጣለ ነበር። ተጋጣሚው የሊጉን ሻምፒዮንነት አስቀድሞ ያረጋገጠው ኒው ዮርክ ያንኪስ ነው። ለያንኪስ የከፈተው ዶን ላርሰን፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዓለም ሲሪየስ ጨዋታ አንድም ሰው ቤዝ (ሯጮች ወደ ነጥብ ሲሄዱ የሚረግጡት ማረፊያ) ሳይረግጥበት የጨረሰው ሰው ነበር። ለኦርዮልስ የከፈተው ዊልሄልም በዋናው ሊግ ሲከፍት ገና ዘጠነኛ ጊዜው ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን በአገር አቀፍ ደረጃ ይተላለፍ ነበር።

እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ማንም ነጥብ አላስቆጠረም። በሰባተኛው የኦርዮልስ ቀላቢ ገስ ትሪያንዶስ፣ ላርሰንን ከተካው ከቦቢ ሻንዝ ላይ ሆም ረን መታ፤ በዚያ ዓመት ሠላሳኛው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ያንኪስ አንድ እንኳ ኳስ በትክክል መምታት ይችል ይሆን የሚለው ብቻ ሆነ። በዘጠነኛው ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ሀንክ ባወር ዱላ ይዞ ቆመ። ባወር ዱላውን ሳያወዛውዝ ኳሷን ዝም ብሎ በማስነካት ወደ ፊት ሊያንከባልላት ሞከረ፤ ኳሷ ከመስመር ወጣች። ይህ ሙከራ ብዙ ይነግረናል፤ በሊጉ ኃይለኛው ቡድን ውስጥ ያለ ነባር መቺ የዊልሄልምን ኳስ አወዛውዞ ከመምታት ይልቅ ማስነካት ይሻላል ብሎ ነበርና። ቀጥሎ ሲመታ ኳሷ ወደ ላይ ተነሳች፤ ቢሊ ጋርድነር ቀለባት። 1 ለ 0። ስምንት መቺዎችን በስትራይክ (ኳሷን መምታት አቅቷቸው) አስወጥቷል፤ ሁለቱን በነጻ ወደ ቤዝ አሳልፏል፤ የመታ የለም። ክለቡ በ1954 ባልቲሞር ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ዓመት ለባልቲሞር ያገኘው ድልም ይኸው አንድ ብቻ ነበር።

በተከታዩ ዓመት የኦርዮልስ አሠልጣኝ ፖል ሪቻርድስ በከፋችነት አሠለፈው። ድል ወይም ሽንፈት የተመዘገበባቸውን የመጀመሪያ 9 ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፈ፤ ዓመቱን በ226 ኢኒንግ 2.19 አማካይ ጨርሶ የአሜሪካን ሊግ አንደኛ ሆነ። በአንደኛው ሊግ በተተኪነት ብቻ፣ በሌላው በከፋችነት አንደኛ መውጣት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ትሪያንዶስን 28 ኳስ አመለጠው፤ ትሪያንዶስ ደካማ ቀላቢ ሆኖ አይደለም፤ ጓንቱ ለሌላ ዓይነት ኳስ የተሠራ ስለነበር ነው።

ሪቻርድስ ከቀደሙት አሠልጣኞች የተለየው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ ችግሩን ያዩት በወርዋሪው ላይ ነበር፤ እሱ ግን በመሣሪያው ላይ አየው። በ1960 ከወትሮው እጅግ የሰፋ የቀላቢ ጓንት አሠርቶ በሜይ ወር ሜዳ ላይ አወጣው፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ክሊንት ኮርትኒ ነበር። ጓንቱ ሰፊ በመሆኑ ኳሷን ይዞ ለመወርወር ጊዜ ይወስዳል፤ ኳሷ አምልጣ አጥር ከመድረሷ ግን ይሻላል። የሊጎቹ ባለሥልጣናት በኋላ የጓንት ዙሪያ ከ38 ኢንች እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ ይህም 96 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የዛሬው የቀላቢ ጓንት ወሰን የመጣው በአንድ ሰው ኳስ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ የሊጉን አንደኛ ከፋች ለምን ወደ ተተኪነት መለሱት? በ1960 ኦርዮልስ ሚልት ፓፓስ፣ ቸክ ኢስትራዳና ስቲቭ ባርበርን የመሳሰሉ ወጣት ጠንካራ ከፋቾች ደርሰውለት ነበር። ወጣቶቹ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የተወሰነ እረፍት ይፈልጋሉ፤ ዊልሄልም አይፈልግም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ውሳኔ እንደ ቀድሞው አለመተማመን ሊቆጠር አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክለብ ምርጥ ወርዋሪውን ሆን ብሎ ለጨዋታው መጨረሻ አስቀመጠ፤ ውጤቱም አላሳፈረም፤ በ1962 አማካዩ 1.94 ነበር።

በጃንዋሪ 1963 ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር ወደ ቺካጎ ኋይት ሶክስ ተዛወረ፤ በልዋጩ ሉዊስ አፓሪሲዮና አል ስሚዝ ወደ ባልቲሞር ሄዱ። ሰውየው 40 ዓመት አልፎታል። ከ1964 እስከ 1968 የነበሩት የነጥብ አማካዮቹ 1.99፣ 1.81፣ 1.66፣ 1.31 እና 1.73 ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ከ2 በታች። በእርግጥ ዘመኑ ለወርዋሪዎች የተመቸ ነበር፤ በ1968 የአሜሪካን ሊግ ወርዋሪዎች አጠቃላይ አማካይ 2.98 ድረስ ወርዷል። ያንን ቀንሰን ብናይ እንኳ በ1967 የሊጉ አማካይ 3.23 ሳለ የእሱ 1.31 ነው፤ በ45 ዓመት ዕድሜው ከሌላው ግማሽ ያህል እንኳ አልተቆጠረበትም። ዋጋውን ግን አሁንም ቀላቢው ከፍሏል፤ በ1965 ጄ. ሲ. ማርቲን 33 ኳስ አመለጠው። በዚያ ዓመት ሌላው ነክልቦል ወርዋሪ ኤዲ ፊሸርም በዚያው ክለብ ስለነበር ዕዳው የሁለቱ ነው።

ሌላም ነገር ከቺካጎ ዘመኑ ይነሳል። በ1967 ዊልበር ውድ የተባለ፣ ሙያው ሊቋረጥ የተቃረበ የግራ እጅ ወርዋሪ ክለቡን ተቀላቀለ። ውድ ነክልቦል ይሞክር ነበር፤ ከሌሎች ኳሶች ጋር እያቀላቀለ። ዊልሄልም ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህንን ብቻ እንዲይዝ መከረው። በ1968 ውድ በ88 ጨዋታዎች ወረወረ፤ በዚያን ጊዜ ማንም በአንድ ዓመት ይህን ያህል ገብቶ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 24 ቀን ዊልሄልም ራሱ 907ኛ ጨዋታውን ወርውሮ የሳይ ያንግን የዘመናት ክብረ ወሰን አለፈ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት የሥራውን ለውጥ ያሳያል፦ ያንግ ከ906 ጨዋታዎቹ 749ኙን ከፍቶ ራሱ ጨርሷል። ዊልሄልም በሙያ ዘመኑ የከፈተው 52 ብቻ ነው።

የመዝገቡ ጉድለት የሚታየውም እዚህ ነው። ድልና ሽንፈት ለከፋች የተበጀ መለኪያ ነው፤ በስምንተኛው ኢኒንግ ገብቶ የቡድኑን መሪነት ጠብቆ የሚወጣ ሰው አንዳችም አይመዘገብለትም። ባሰ ሁኔታ፣ መሪነቱን አበላሽቶ ቡድኑ መልሶ ካሸነፈ ድሉ ለእሱ ይጻፋል። የቺካጎው ጋዜጠኛ ጀሮም ሆልትዝማን ይህን ያስተዋለው በ1959 የፒትስበርጉ ተተኪ ኤልሮይ ፌስ በ18 ድልና በ1 ሽንፈት ሲወደስ ነው። የፌስ ድሎች አንዳንዶቹ እሱ ራሱ ካበላሸው መሪነት የመጡ ነበሩ። ሆልትዝማን መሪነት ጠብቆ ጨዋታ ለሚጨርስ ወርዋሪ ሴቭ የሚል አዲስ መለኪያ አወጣ። ይፋዊ የሆነው ግን በ1969 ነው፤ ዊልሄልም ያን ጊዜ 18ኛ የውድድር ዓመቱ ላይ ነበር። ያለፉት ዓመታት የተሞሉት ተመራማሪዎች የድሮ ጨዋታዎችን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ እያገላበጡ ነው። ዛሬ በስሙ ያለው 228 ሴቭ አብዛኛው ሲሠራው ያልተቆጠረ ሥራ ነው። ደመወዙን የተከራከረው፣ የተለቀቀው፣ የተለወጠው ይህ ቁጥር በሌለበት ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በመዘዋወር አለፉ። በ1969 ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ፣ በሴፕቴምበር አትላንታ ብሬቭስ። አትላንታ ላይ በ8 ጨዋታዎች 2 ድልና 4 ሴቭ አስመዝግቦ ክለቡ የምድቡ አሸናፊ እንዲሆን ረዳ፤ የመጣው የስም ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ስለነበር ለሻምፒዮና ጨዋታዎቹ አልተፈቀደለትም። በሜይ 1970 በታሪክ የመጀመሪያው ባለ 1,000 ጨዋታ ወርዋሪ ሆነ። ከዚያ ቺካጎ ካብስ፣ እንደገና አትላንታ፣ በመጨረሻም ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ። ጁላይ 10 ቀን 1972 ለመጨረሻ ጊዜ ወረወረ፤ ጁላይ 21 ቀን ተሰናበተ። ጠቅላላ አማካዩ 2.52 ነው። ከ143 ድሎቹ 124ቱ በተተኪነት የተገኙ ሲሆን በዚህ እስካሁን የሚበልጠው የለም።

ኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ለመግባት ከመራጭ ጋዜጠኞች 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ዊልሄልም ያገኘው 41.7 በመቶ ነው። በ1984 72 በመቶ ደርሶ ቀረ። በ1985፣ በስምንተኛው ምርጫ፣ 83.8 በመቶ አግኝቶ ገባ፤ በተተኪ ወርዋሪነት የመጀመሪያው ነው። መዘግየቱን ክፋት ልለው አልችልም። መራጮቹ ያደጉት 300 ድል የታላቅ ወርዋሪ መለኪያ በሆነበት ዘመን ነው፤ 143 ድል ያለውን ሰው ለመምረጥ ተተኪነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አስቀድመው መቀበል ነበረባቸው። ሮሊ ፊንገርስ በ1992፣ ዴኒስ ኤከርስሊ በ2004፣ ብሩስ ሱተር በ2006 ሲከተሉ ክርክሩ በአብዛኛው አልቆ ነበር።

ዊልሄልም በጡረታ ዘመኑ በያንኪስ ዝቅተኛ ቡድኖች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ወጣት ወርዋሪዎችን አሠልጥኗል። የ1,070 ጨዋታ ክብረ ወሰኑን በ1998 ኤከርስሊ በአንድ ጨዋታ በለጠው፤ በኋላ ሌሎችም አለፉት። የያንኪሱ ማሪያኖ ሪቬራ 1,115 ጨዋታ ተሰልፎ የወረወረው 1,283 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ነው፤ የዊልሄልም 2,254 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ነበር። የዛሬው ተተኪ የመጨረሻውን አንድ ኢኒንግ ይዘጋል፤ ዊልሄልም የከፈታቸው ጨዋታዎች ተደምረው በአማካይ ከሁለት ኢኒንግ በላይ ይቆይ ነበር፤ በስድስተኛውም በዘጠነኛውም ይገባ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማን ይበልጣል ማለት ትክክለኛ ጥያቄ አይመስለኝም፤ ክለቦቻቸው የጠየቋቸው ሥራ የተለያየ ነውና።

ኦገስት 23 ቀን 2002 ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ ላይ አረፈ፤ 80 ዓመቱ ነበር። ያኔ ያንኪስ ከ1958ቱ የባልቲሞር ጨዋታ ወዲህ አንድም ምት ሳያገኙ ተሸንፈው አያውቁም ነበር። የገጠማቸው በጁን 11 ቀን 2003 በገዛ ሜዳቸው፣ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር ነው። የሂውስተን ከፋች ሮይ ኦስዋልት በሁለተኛው ኢኒንግ ተጎድቶ ወጣ፤ የቀረውን ጨዋታ አምስት ተተኪዎች ተቀባብለው ጨረሱት። የመጨረሻው ቢሊ ዋግነር ነበር፤ እሱም በ2025 በተተኪነቱ የዝና አዳራሽ ገብቷል።